የላም ወተት ፕሮቲንና የሕፃናት ቲ ህዋሳት፦ የ«ትሪገር» ሙከራ የጉዳይ ጥናት

ከሜይ 2002 እስከ ጃንዋሪ 2007 ድረስ በ15 አገሮች፣ በ78 ማዕከላት፣ 2,159 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሁሉም አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት ዓይነት 1 የስኳር በሽታ አለበት፤ ሕፃናቱ ራሳቸውም በዘር ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው። የእናት ጡት ሳይበቃ ሲቀር ለአንደኛው ወገን ፕሮቲኑ በኢንዛይም የተሰባበረ (የተፈጨ) የጣሳ ወተት ይሰጠዋል፤ ለሌላው ወገን ከተለመደው የላም ወተት የተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ልጅ 10 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሁሉም ደማቸው በየጊዜው እየተመረመረ ተጠበቁ። ክትትሉ የተዘጋው በፌብሩዋሪ 2017 ነው።

ሙከራው «ትሪገር» ይባላል። ከመሪዎቹ መካከል የሄልሲንኪዎቹ ሃንስ ኦከርብሎምና ሚካኤል ክኒፕ፣ የፒትስበርጓ ዶሮቲ ቤከር ይገኛሉ። የፈተኑት ጥርጣሬ ይህ ነው፦ ገና አንጀቱ ባልጠና ሕፃን ሆድ ውስጥ የገባ የላም ወተት ፕሮቲን ቲ ህዋሳቱን (በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ህዋሳትን) ያሳስታል፤ የተሳሳቱት ህዋሳት ዞረው የገዛ ቆሽቱን ያጠቃሉ። ጥርጣሬው ከላቦራቶሪ የመጣ ብዙ ማስረጃ ነበረው፤ ሆኖም በመጨረሻ አልቆመም። ይህን ጉዳይ በዝርዝር ማየት የሚያስፈልገው፣ ዛሬም «የላም ወተት የሰውን በሽታ ተከላካይ ህዋሳት ያስቆጣል» የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚቀርበው ማስረጃ ያኔ የቀረበው ዓይነት ስለሆነ ነው። ቲ ህዋስ ወተትን ማወቁ አንድ ነገር ነው። በዚያ ዕውቀት ሰውን ማሳመሙ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ስኳር በመብላት አይመጣም። የራስ ቲ ህዋሳት ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ቤታ ህዋሳት እየገደሉ ሲጨርሷቸው የሚመጣ ነው። ዘር ያጋልጣል፤ በተለይ ኤችኤልኤ የሚባሉት፣ ለቲ ህዋስ የፕሮቲን ቁራጭ የሚያሳየውን መያዣ የሚሠሩት ጂኖች። ግን ዘር ብቻውን አይበቃም፤ ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ለብዙ ዓመታት ጤነኛ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ቀስቃሽ ይፈለግ ጀመር።

በ1984 ኤሊየትና ማርቲን የተባሉ ተመራማሪዎች በሽታው በራሱ የሚይዛቸውን አይጦች መኖ ቀየሩ። ሙሉ ፕሮቲን ሳይሆን አሚኖ አሲዶችን (የፕሮቲን ጡቦችን) የተመገቡት አይጦች አብዛኞቹ ከበሽታው ተረፉ። በ1991 ደግሞ የ12 አገሮች የወተት ፍጆታና የልጆች የስኳር በሽታ መጠን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዝምድናው 0.96 (ፍጹም ዝምድና 1 ነው) ሆኖ ተገኘ፤ ፊንላንድ ከላይ፣ ጃፓን ከታች። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ብዙ ወተት የሚጠጡ አገሮች ብርዱም፣ የፀሐይ ብርሃን ማነሱም፣ ሀብቱም፣ ዘሩም አብሯቸው ነው። የዚህ ዓይነት ንጽጽር ምን ያህል እንደሚያሳስት ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ፦ ወደ እስራኤል በፈለሱ ቤተ እስራኤላውያን ቤተሰቦች ልጆች ላይ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ከፍልሰቱ በኋላ እየጨመረ መታየቱን የእስራኤል ሐኪሞች መዝግበዋል። የላም ወተት ግን ለእነዚህ ቤተሰቦች እስራኤል ሲደርሱ ያገኙት አዲስ ነገር አይደለም። ምግቡ፣ ክትባቱ፣ ተሕዋስያኑ፣ ውሃው፣ የቤቱ ሁኔታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ነጥሎ መክሰስ አይቻልም።

ጥርጣሬውን ከአገር ንጽጽር አውጥቶ ህዋስ ውስጥ ያስገባው በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣው የካርያላይነንና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። የፊንላንድ ሐኪሞችና የቶሮንቶ ላቦራቶሪ በጋራ የሠሩት ነው። በሽታው ገና የተገኘባቸውን 142 ልጆች ደም መረመሩ፤ በሁሉም ላይ ለከብት ሴረም አልቡሚን (በከብት ደምና ወተት ውስጥ ለሚገኝ ፕሮቲን) የተሠራ አንቲቦዲ (ባዕድ ነገርን የሚይዝ የደም ፕሮቲን) ከፍ ብሎ ተገኘ። ጤነኞቹ ልጆችና ደም የለገሱ አዋቂዎች ላይ ግን ዝቅተኛ ነበር። አንቲቦዲው በዋናነት የሚይዘው የአልቡሚኑን አንድ ቁራጭ ነው፤ 17 አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ ቁራጭ «አቦስ» ተባለ። አቦስ በቤታ ህዋስ ላይ ከሚገኝ አንድ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል ተባለ። በዚህ አባባል መሠረት ቲ ህዋሱ ወተቱን ሲያሳድድ መልኩ የሚመስለውን የራሱን ፕሮቲን ይመታል።

ብዙም ሳይቆይ ጥርጣሬው ተፈተነ። በ1993 በዚያው መጽሔት አትኪንሰንና ባልደረቦቹ የታካሚዎችን ህዋሳት ከአልቡሚኑ ጋር አገናኝተው የተለየ ምላሽ እንዳላገኙ አሳተሙ። አቦስ ደበዘዘ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም፤ ሌላ ተጠርጣሪ ተተካ። በፊንላንድ ኡቲ ቫራላና ባልደረቦቿ ላም በወተቷ ውስጥ ትንሽ ኢንሱሊን እንደምታወጣ አስታወሱ። የላም ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው፤ ሁለቱ በ«ኤ» ሰንሰለት 8ኛና 10ኛ ቦታ፣ አንዱ በ«ቢ» ሰንሰለት 30ኛ ቦታ ላይ። የላም የጣሳ ወተት የጠጡ ሕፃናት ለላም ኢንሱሊን አንቲቦዲ እንደሚሠሩና ያ አንቲቦዲ የሰውንም ኢንሱሊን እንደሚይዝ ታየ። ኢንሱሊን ደግሞ በዓይነት 1 ቀድመው ከሚጠቁት የቤታ ህዋስ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ይህ ሐሳብ ከአቦስ ይልቅ ጠንካራ መሠረት ነበረው።

አንጀት ውስጥ ህዋሳቱ የሚያደርጉት

አንድ ሊትር የላም ወተት ከ32 እስከ 35 ግራም ፕሮቲን አለው። ከዚያ 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው፤ ወተት ሲረጋ አይብ የሚሆነው። የቀረው አጓቱ ውስጥ የሚሟሟው ነው፤ ከእሱ ብዙውን የሚይዘው ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ሲሆን በሊትር 3 ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ፕሮቲን የሴት ወተት ውስጥ በተፈጥሮ የለም፤ እናት የላም ወተት ስትጠጣ ግን እጅግ ጥቂት በጡቷ ያልፋል። ሴረም አልቡሚን በሊትር ግማሽ ግራም አይሞላም። የኢንሱሊኑ መጠን ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሆድ ኬዚንን በቀላሉ ይቆርጠዋል፤ ቅርጹ የላላ ስለሆነ ኢንዛይሙ በየትም በኩል ይገባል። ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ግን በሁለት የሰልፈር ድልድዮች ታስሮ ተጠቅልሏል፤ በጨጓራ ፔፕሲን ብዙም ሳይነካ ወደ አንጀት ይወርዳል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጨጓራ አሲዱ ደካማ ነው፤ አንጀቱም ትልልቅ ፕሮቲኖችን ከአዋቂ ይልቅ ያሳልፋል። ያለፈውን ፕሮቲን ዴንድሪቲክ የሚባል የበሽታ ተከላካይ ህዋስ ይውጠውና ይቆራርጠዋል፤ ቁራጩን በኤችኤልኤ ላይ አድርጎ በአንጀት ሥር ባለ ንፍፊት ውስጥ ለቲ ህዋስ ያሳየዋል።

እዚህ ላይ የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። ቲ ህዋሱ ወተቱን ያውቀዋል፤ ይባዛል፤ ሆኖም በጤነኛ አንጀት ውስጥ የሚያሳየው ህዋስ የሚሰጠው ምልክት የሚያረጋጋ ነው። ቫይታሚን ኤ ተቀይሮ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድና ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለው መልእክተኛ ተደምረው ቲ ህዋሱን ተቆጣጣሪ ያደርጉታል፤ ሌሎችን የሚያረጋጋ፣ ተዋጊ ያልሆነ። ጤነኛ ልጅ ደም ውስጥ ለላም ወተት የተሠራ አንቲቦዲም ወተቱን የሚያውቅ ቲ ህዋስም መገኘቱ የተለመደ ነው። አንቲቦዲው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ ብሎ ከዚያ ይወርዳል። ለዚህ ነው የታመመን የ4 ዓመት ልጅ ከጤነኛ ጎልማሳ ጋር ማወዳደር ዋጋ የማይኖረው።

የቫራላ ቡድን አንድ የሚያሳስብ ነገርም አግኝቶ ነበር። ከታካሚዎች ደም ውስጥ የቤታ ህዋስን ፕሮቲን የሚያውቁ ህዋሳት በላያቸው አልፋ4ቤታ7 የሚባል ምልክት ነበራቸው፤ ይህ ምልክት አንጀት ውስጥ የሠለጠነ ህዋስ የሚይዘው ወደ አንጀት መመለሻ ነው። ቆሽቱን የሚያጠቃው ህዋስ አንጀት ውስጥ ተነስቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ያ ማለት ግን ያነሣው ወተት ነው ማለት አይደለም፤ አንጀት ውስጥ ቫይረስም ባክቴሪያም ስንዴም አለ።

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚበላሸው

የዚህ ዘመን ክርክር ግማሹ የተነሣው ከአንድ የምርመራ ዓይነት ነው፤ አሠራሩን ሳያውቁ ውጤቱን ማመንም መጣልም አይቻልም።

ደም በሄፓሪን ይቀዳል። በፊኮል ላይ ቀስ ብሎ ይፈስና በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፤ ቀዩ ደም ወደ ታች ይወርዳል፣ ፕላዝማው ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይቆማል። ያንን ሽፋን በፒፔት ለቅሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ ነው። ከዚያ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ በየጉድጓዱ 200,000 ህዋሳት ይገባሉ። የወተት ፕሮቲኑ በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 100 ማይክሮግራም ይጨመራል፤ ጥቂት ጉድጓዶች ያለ ፕሮቲን ይተዋሉ፤ ሌሎቹ ህዋሱ በሕይወት መኖሩን ለማየት ቴታነስ ቶክሶይድ ይጨመርባቸዋል። በ37 ዲግሪ ከ5 እስከ 6 ቀን ይቆያል። በመጨረሻዎቹ 16 እስከ 18 ሰዓታት ራዲዮአክቲቭ ታይሚዲን ይገባል፤ የሚባዛ ህዋስ ዲኤንኤ ሲሠራ ይወስደዋል። ፕሮቲን ያለበት ጉድጓድ ንባብ ለባዶው ሲካፈል ውጤቱ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ላቦራቶሪዎች «ምላሽ አለ» ይላሉ።

የመጀመሪያው ወጥመድ ህዋሱን የሚመግበው ፈሳሽ ነው። የህዋስ ማሳደጊያ ፈሳሽ ላይ በልማድ 10 በመቶ የጥጃ ሽል ሴረም ይጨመራል። የዚያ ሴረም ዋና ፕሮቲን ደግሞ የከብት አልቡሚን ነው። ለአልቡሚን ያለውን ምላሽ የሚፈልግ ሰው «ባዶ» ባለው ጉድጓድ ውስጥ ራሱ አልቡሚን አስገብቷል። ባዶው ንባብ ይጨምራል፣ ክፍፍሉ ይወርዳል፣ እውነተኛ ምላሽ ቢኖርም ይሸፈናል። መፍትሔው የ«ኤቢ» ደም ዓይነት ካላቸው ሰዎች የተገኘ የሰው ሴረም መጠቀም ወይም ሴረም የሌለበት ፈሳሽ መግዛት ነው፤ ማጠቢያውም ቢሆን የከብት አልቡሚን ያልተጨመረበት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ከፋብሪካ የሚመጣው ፕሮቲን ራሱ ነው። በገበያ የሚሸጥ «ንጹህ» ቤታ-ላክቶግሎቡሊን ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚወጣ ኢንዶቶክሲን ተሸክሞ መገኘቱ ተረጋግጧል። በሚሊ ሊትር ከ1 ናኖግራም ያነሰ ኢንዶቶክሲን ሞኖሳይት የተባለውን ነጭ የደም ህዋስና ዴንድሪቲክ ህዋስን በቲኤልአር4 (በላያቸው ባለ የባክቴሪያ መለያ ተቀባይ) በኩል ያነቃል፤ እብጠት የሚያስነሱት ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ ይፈሳሉ፤ ተመራማሪው «የወተት ፕሮቲን እብጠት ያስነሳል» ብሎ ይጽፋል። ማጣሪያው ሁለት ነው። ፕሮቲኑን በሊሙለስ (በኢንዶቶክሲን መለኪያ) ምርመራ መለካትና በትይዩ ጉድጓድ ኢንዶቶክሲንን የሚያስረውን ፖሊሚክሲን ቢ መጨመር፤ ምላሹ ከፖሊሚክሲን ጋር ከጠፋ ጥፋተኛው ኢንዶቶክሲን ነው። ፕሮቲኑን ማፍላት ብቻ እዚህ አይረዳም፤ ኢንዶቶክሲን ሙቀት ይቋቋማል፣ ቲ ህዋስ የሚያየውም የተቆራረጠ ቁራጭ ስለሆነ የፈላውን ፕሮቲን ያውቀዋል። በመሆኑም ማፍላቱ ሁለቱን አይለይም። ፖሊሚክሲንም ሁሉን አይሸፍንም፤ ቲኤልአር2 በሚባለው ሌላ ተቀባይ በኩል የሚያነቃ የባክቴሪያ ቅባት ካለ ያልፈዋል።

ሦስተኛው የደም መቅጃ ቀን ነው። ታካሚው ኢንሱሊን መወጋት ከጀመረ ሳምንት ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ ለኢንሱሊን የሚገኘው ምላሽ ከመርፌው ይሁን ከወተቱ አይታወቅም። ቀድሞ ይወጋ የነበረው ደግሞ የከብትና የአሳማ ኢንሱሊን ነበር። ስለዚህ ደሙ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን መቀዳት አለበት፤ ጤነኛው ማነጻጸሪያም በዕድሜና በኤችኤልኤ መመሳሰል ይኖርበታል።

እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የተሠራ ምርመራ እንኳ የሚመልሰው ጥያቄ «ይህ ህዋስ ይህን ፕሮቲን ያውቃል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። «ፕሮቲኑ ባይኖር ልጁ ይድን ነበር ወይ?» የሚለውን ለመመለስ ፕሮቲኑን ከግማሾቹ ልጆች ላይ ማንሣትና መጠበቅ ግድ ነው። ትሪገር የተሠራው ለዚህ ነው።

ሙከራው እንዴት ተሠራ

ቤተሰቦቹ የተመዘገቡት እናት ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ከእትብት ወይም ከተረከዝ በተወሰደ ደም ኤችኤልኤው ይመረመራል፤ አደጋ የሚጨምሩት ዓይነቶች ያሉበት ብቻ ይቀጥላል። ከ5,000 በላይ ሕፃናት ታይተው ነው 2,159 የተገኙት። እናቶች ሁሉ ጡት እንዲያጠቡ ተመክረዋል፤ ማንም ሕፃን ከጡት እንዲነጠል አልተጠየቀም። የሙከራው ወተት ጡት ሲያንስ የሚጨመር ነበር፤ ዓላማው ሕፃኑ እስከ 6 ወይም 8 ወሩ ቢያንስ 60 ቀን እንዲወስደው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከላም የመጣ ፕሮቲን ያለበት ሌላ የሕፃን ምግብ እንዳይሰጥ ተነገረ።

የሙከራው ወተት ኬዚኑ በእጅጉ የተሰባበረ ነው። የቁራጮቹ ክብደት በአብዛኛው ከ1,500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች ነው። አንድ አሚኖ አሲድ በአማካይ 110 ዳልተን ቢመዝን ይህ ከ13 ወይም 14 አሚኖ አሲድ አይበልጥም። ለረዳት ቲ ህዋስ የሚቀርብ ቁራጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 25 ነው። ወተቱ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቁራጭ ለቲ ህዋስ ለመታየት ያጥራል፤ ኢንሱሊኑም ቤታ-ላክቶግሎቡሊኑም እንደ ሙሉ ፕሮቲን የሉም።

ችግሩ ሽታው ነው። የተፈጨ ኬዚን ይመራል፣ ይሸታል፤ ጣሳውን የከፈተች እናት ወዲያው ታውቃለች። ወላጅ የትኛው ወገን እንዳለ ካወቀ የልጁን ሌላ ምግብ ይለውጣል፣ ሐኪም ቤት የሚመላለስበትም ልማድ ይለወጣል፣ ንጽጽሩ ይበላሻል። ስለዚህ የማነጻጸሪያው ወተት 80 በመቶ ተራ የላም ወተት፣ 20 በመቶ የተፈጨ ኬዚን ሆኖ ተዘጋጀ፤ ሁለቱም ጣሳዎች ሽታቸው ተቀራረበ። ሁለቱንም ያቀረበው ሜድ ጆንሰን ነው። 80 በመቶ ሙሉ ፕሮቲን ቲ ህዋስን ለማስተማር ከበቂ በላይ ነው፤ በዚህ የተነሣ የጠፋ የሙከራ ኃይል አለ ብሎ መከራከር አይመችም። ጣዕሙ ያመጣው መጠነኛ ጉዳት ግን አለ፦ ሕፃናቱ የተፈጨውን የወሰዱት ለ10 ሳምንት ያህል ሲሆን ሌላውን ለ12 ሳምንት ያህል ነው።

ቤተሰቡ በእርግጥ ያንን ወተት ሰጥቶ እንደሆነ በጥያቄ ብቻ አልታለፈም። በደም ውስጥ ለላም ወተት ፕሮቲን የተሠራው አንቲቦዲ ተለካ፤ የተፈጨውን በወሰዱት ልጆች ላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በሽታ ተከላካይ ሥርዓታቸው ላም ወተትን በእርግጥ ያነሰ አግኝቶታል ማለት ነው፤ ይህ የሙከራው ትልቁ ጥንካሬ ነው።

ደም በ3፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18 እና 24 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ተቀዳ። ቤታ ህዋስን የሚያጠቁ አምስት ዓይነት አንቲቦዲዎች ተለኩ፤ ለኢንሱሊን፣ ለጋድ፣ ለአይኤ-2 እና ለዚንክ ማጓጓዣ 8 (ሦስቱም የቤታ ህዋስ ፕሮቲኖች ናቸው)፣ እንዲሁም ለጠቅላላው የደሴት ህዋሳት (ቤታ ህዋሳት ለሚገኙባቸው የቆሽት ህዋሳት ስብስብ)። በ6 እና በ10 ዓመት ስኳር ጠጥቶ የሚለካው ምርመራ ተጨመረ።

የተገኘው

በ2014 በጃማ መጽሔት የመጀመሪያው ክፍል ወጣ። ሁለትና ከዚያ በላይ ራስን አጥቂ አንቲቦዲ ያሳዩት ልጆች የተፈጨውን ከወሰዱት 13.4 በመቶ፣ ተራውን ከወሰዱት 11.4 በመቶ ነበሩ። በጃንዋሪ 2018 በዚያው መጽሔት ዋናው ውጤት ተከተለ። ልጆቹ በመካከለኛ ግምት 11.5 ዓመት ተከታትለዋል። ከ1,081 የተፈጨውን የወሰዱ ልጆች 91ዱ (8.4 በመቶ)፣ ከ1,078 ተራውን ከወሰዱት 82ቱ (7.6 በመቶ) ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያዛቸው። የአደጋው ንጽጽር 1.1 ሲሆን (1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው) እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው የ95 በመቶ ክልል ከ0.8 እስከ 1.5 ነው። በሽታው የተገኘበት መካከለኛ ዕድሜም ተመሳሳይ ነው፤ 6.0 እና 5.8 ዓመት። የተፈጨው ወተት አልጠቀመም፤ ሌላ ጉዳትም አላመጣም።

ሰው የሚጠይቀው ከዚያ በፊት የነበረው ትንሹ ሙከራ ለምን ተስፋ እንደሰጠ ነው። በፊንላንድ 230 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመው ሙከራ የተፈጨውን ከወሰዱት 17 በመቶ፣ ተራውን ከወሰዱት 30 በመቶ አንድ ወይም ከዚያ በላይ አንቲቦዲ እንዳሳዩ፣ ንጽጽሩም 0.54 እንደሆነ አስታውቆ ነበር። ዜናው በዓለም ዞረ። ዝርዝሩን የሚያነብ ግን ሁለት ነገር ያገኛል። የተቆጠረው «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲቆጠር ክልሉ ከ0.21 እስከ 1.17 ይዘረጋል፤ 1ን ስለሚያቋርጥ ምንም አይነግርም። በአንድና በሁለት አንቲቦዲ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። በ2013 ብዙ ልጆች ላይ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ሁለትና ከዚያ በላይ አንቲቦዲ ያለው ልጅ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ በሽታ የሚደርሰው 70 በመቶ ያህል ጊዜ ነው፤ አንድ ብቻ ያለው ግን 15 በመቶ ያህል። አንዱ አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ መጥቶ ይጠፋል። ትንሹ ሙከራ የለካው በአብዛኛው ይህንን መጥቶ ሂያጁን ነበር።

ትልቁ ሙከራ ደግሞ «ልዩነት አላየንም» ብቻ አይደለም ያለው። ክልሉ ከ0.8 ስለማይወርድ ትንሹ ሙከራ ያወራውን በግማሽ የመቀነስ ውጤት ያስወግደዋል። እንዲህ ያለ ባዶ ውጤት ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ሁለት ሺሕ ቤተሰብ ከአሥር ዓመት በላይ የልጆቻቸውን ክንድ ለመርፌ እየሰጡ ያገኙልን ነው፤ በሚገባው ክብር መነበብ አለበት።

ያልተፈተነው ምን እንደሆነ መለየትም ያስፈልጋል። ሙከራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚሰጥ የጣሳ ወተት እንጂ ልጁ ካደገ በኋላ ስለሚጠጣው ወተት አይናገርም። የተፈጨውም ወተት ከላም የመጣ ነው። ላም ኢንሱሊን ብቻውን ቢወጣስ የሚለውን ጥያቄ በፊንላንድ «ፊንዲያ» የተባለ ሙከራ ሞክሮታል፤ በ2012 የታተመው ይህ ሙከራ ኢንሱሊኑ የወጣለትን ወተት የጠጡ ሕፃናት እስከ 3 ዓመታቸው አንቲቦዲ ያሳዩበት መጠን መቀነሱን ገልጿል። ግን የቆጠረው እንደ ትንሹ ሙከራ ከአንድ አንቲቦዲ ጀምሮ ነው። ተመሳሳይ መነሻ ያለው ውጤት አንድ ጊዜ አሳስቶናል፤ ትልቅ ሙከራ ሳይደግፈው ማንም ወላጅ ሊመራበት አይገባም።

ቲ ህዋሱን ራሱን በመንካት የተገኘ ውጤት ግን አለ። ቴፕሊዙማብ የተባለው መድኃኒት በቲ ህዋስ ላይ ያለውን ሲዲ3 የሚባል ፕሮቲን ይይዛል። 76 ለበሽታው የቀረቡ ሰዎች ላይ በተደረገውና በ2019 በታተመው ሙከራ ለ14 ቀን በደም ሥር የተሰጣቸው በመካከለኛ ግምት 48.4 ወር ሲቆዩ፣ ያልተሰጣቸው 24.4 ወር ቆይተው በሽታው ተገልጦባቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኖቬምበር 2022 ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ቤት ውስጥ ምን ይለወጣል

በቤተሰቡ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ወላጅ ሕፃኑን ለመጠበቅ ብሎ ውዱን የተፈጨ ፕሮቲን ወተት መግዛት አያስፈልገውም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ጡት ካልበቃ ተራው የሕፃናት የጣሳ ወተት ይበቃል። ከ12 ወር በፊት የላም ወተት በጡጦ ዋና መጠጥ መሆን የለበትም፤ ምክንያቱ ቲ ህዋስ ሳይሆን ብረት ማነሱ፣ ለኩላሊት መክበዱና በአንዳንድ ሕፃን አንጀት ላይ በዓይን የማይታይ መድማት ማምጣቱ ነው።

የተፈጨው ወተት ትክክለኛ ቦታው የላም ወተት አለርጂ ያለበት ሕፃን ነው፤ እዚያ በእርግጥ ይሠራል። ሐኪሙ የላም ወተትን ለ2 እስከ 4 ሳምንት አቋርጦ ምልክቱ መጥፋቱን ያያል፤ ከዚያ ደግሞ ይመልሰዋል። መመለሱን መዝለል የተለመደ ስሕተት ነው፤ በራሱ የሚያልፍ ሕመም አለርጂ ተብሎ ልጁ ያለ ምክንያት ለዓመታት ወተት ይከለከላል። ልጁ በ2 ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ ሽፍታ የሚያወጣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን መመለሱ በሐኪም ቤት ብቻ ይደረጋል። የፍየል ወተት ምትክ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አለርጂው ይቀጥላል። «ላክቶስ የሌለው» የሚል ጣሳም እንዲሁ፤ የወጣለት ስኳሩ እንጂ ፕሮቲኑ አይደለም። ማፍላት ቤታ-ላክቶግሎቡሊንን በከፊል ያደክማል፤ ኬዚን ግን ሙቀቱን ይቋቋማል።

እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባው ምልክቱ ነው። ልጅ ድንገት ውሃ ማብዛት፣ ሌሊት ደጋግሞ መሽናት ወይም ካቆመ በኋላ አልጋ ማርጠብ፣ እየበላ መክሳት ከጀመረ በዚያው ቀን በጣት ደም ስኳሩ ይለካ። ምልክቱ ኖሮ ስኳሩ በዴሲሊትር 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው እንዳለ የሚጠረጠር ሳይሆን የሚቆጠር ነው፤ ማስመለስና ፈጣን ትንፋሽ ከተጨመረበት ደግሞ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።